ላፕቶፑ ቅኝት አያውቅም

በሰበታ፣ በቡራዩ፣ በሱሉልታ፣ ከዚያም አልፎ በጅማው መንገድ ተጂ ድረስ የሰርግ ድንኳን ሲተከል አብሮ የሚታሰበው ዲጄ ነው። ሙያው የሚናቅ አይደለም። ችግሩ ላፕቶፑ በየዘፈኑ አጠገብ የሚጽፋቸው ሁለት ነገሮች፣ ፍጥነቱና ኪዩ፣ የዲጄውን የጆሮ ሥራ እየነጠቁት መሆኑ ነው።

ቁጥሮቹ ከንቱ ናቸው ማለት አይደለም። በደቂቃ 120 ምት ያለውን ዘፈን 124 ካለው ጋር ለማጋጠም በ3 ከመቶ ገደማ ማፍጠን ይበቃል። 6 ከመቶ ያህል ሲፈጥን ግን ድምፁም በግማሽ ቶን ሽቅብ ይወጣል፤ ሶፍትዌሩ ይህን መያዝ ይችላል። ኪዩን በ12 ሜጀርና በ12 ማይነር ከፍሎ እንደ ሰዓት ይደረድራል፤ ጎረቤታሞቹ አብረው ቢሰሙ አይጣሉም። በማሽን ለተሠራ የሀውስ ሙዚቃ ይህ ድንቅ ነገር ነው።

ሮክ ላይ ሲደርስ መንገዳገድ ይጀምራል። አንድ የተጂ ዲጄ በሁለት የጭፈራ ዘፈኖች መሀል የጃኖ ባንድን ጊታር ልጨምር ቢል (ባንዱ «ኤርታሌ»ን በቢል ላስዌል ፕሮዲውሰርነት ያወጣው እ.ኤ.አ. በ2012 ነው) ስክሪኑን አምኖ ብቻ ባይገባ ይሻለዋል። በሮክ ድራም የሚመታው ሰው ነው፤ አዝማቹ ላይ ሞቅ ብሎት ሊፈጥን ይችላል። ያኔ ስክሪኑ ላይ ያለው ቁጥር አማካይ ብቻ ነው። መግቢያው ላይ የገጠሙ ዘፈኖች ከደቂቃ በኋላ አንዱ ሌላውን መርገጥ ይጀምራሉ። ሻካራው ጊታርም ብዙ ጊዜ የሚመታው መነሻውንና አምስተኛውን ድምፅ ነው፤ ሜጀርን ከማይነር የሚለየው ሦስተኛው የለም። ሶፍትዌሩ እንግዲህ ይገምታል።

የባሰው የራሳችን ዘፈን ላይ ነው። በ24ቱ ሳጥኖች ውስጥ ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰል፣ አንቺሆዬ የሚባል የለም። ከኤፍ የሚነሳ ትዝታ ማይነርና ከሲ የሚነሳ አምባሰል አምስቱም ድምፃቸው አንድ ነው። ማሽኑ ሁለቱንም አንድ ሳጥን ውስጥ ቢከታቸው አይገርምም። የአንዱ ዜማ የሚያርፈው ግን ኤፍ ላይ፣ የሌላው ሲ ላይ ነው፤ ሰሚው ምክንያቱን ባያውቅም ማረፊያው እንደተነጠቀ ይሰማዋል። የአንቺሆዬ አምስት ድምፆች ጭራሽ በአንድ ተራ ሜጀር ስኬል ውስጥ ተሟልተው አይገኙም።

ምቱስ? ችክችካው በስድስት ስምንተኛ ስለሚሄድ በሁለትም በሦስትም ይቆጠራል። ያው ዘፈን 120፣ 180 ወይም 60 ተብሎ ሊነበብ ይችላል። ዲጄው አንዱን አምኖ ከሥሩ ዱም ዱም የሚል ቀጥ ያለ ምት ሲከትበት ትከሻው የሚጠብቀው ቦታ ይጠፋል። መጀመሪያ የሚያቆሙት አጨብጫቢዎቹ እናቶች ናቸው።

«ማን ያስተውለዋል? ሰው እየጨፈረ ነው» የሚል መልስ አይጠፋም። ሰው በእርግጥ ይጨፍራል፤ ለሙሽሮቹ ሲል በጄኔሬተር ድምፅም ይጨፍራል። ጉዳቱ ወዲህ ነው፦ ዘፋኙና አቀናባሪው ዘፈናቸው ሰርግ ላይ እንዲከፈት ይፈልጋሉ። ለላፕቶፑ የሚመቸው ብቻ የሚከፈት ከሆነ፣ የሚሠራውም ለላፕቶፑ የሚመች ይሆናል። ያኔ አንቺሆዬን ማን ይደፍረዋል?

መቀላቀል በራሱ ነውር የለበትም። ናስና ዴሚያን ማርሌይ እ.ኤ.አ. በ2010 የሙላቱ አስታጥቄን «የግሌ ትዝታ» ወስደው ራፕና ሬጌ ሲያደርጉት ሙላቱ አልጠፋም።

የተጂው ዲጄ ቅዳሜ ከመድረሱ በፊት ዘፈኖቹን በጆሮ ማዳመጫ ቢሰማ፣ እያንጎራጎረ ማረፊያቸውን ቢያገኝ፣ ከዚያም በፋይሉ ስም ላይ «ባቲ»፣ «አምባሰል» ብሎ ቢጽፍ አንድ ማታ ይበቃዋል። የማይገጥሙትን በግድ ማጣበቅም የለበትም። ዘፈኑን እስከ ስንኙ መጨረሻ ይተወው፣ ድምፁን ይዝጋ፣ ለጥቂት ሰከንድ ድንኳኑ በጭብጨባ ብቻ ይሙላ፤ ቀጣዩን ከጭብጨባው ላይ ያንሳው።