ሞተሬ ያንኳኳል፤ ልሽጠው ወይስ ላስከፍተው?

ጥያቄ፦ እኔ ደህና ነኝ ብል ውሸት ይሆንብኛል። ዕድሜዬ 24፣ ነዋሪነቴ አዳማ ነው። ከስምንት ወር በፊት፣ ዐረብ አገር ሰው ቤት የምትሠራው ታላቅ እህቴ በላከችልኝ ገንዘብ አዲስ አበባ ሄጄ አንድ ያገለገለ ሞተር ሳይክል ገዛሁ። ለሱቆች ዕቃ አመላልስበታለሁ፤ ከማገኘው ላይም በየወሩ ለእህቴ እቁብ እጥልላታለሁ።

ሞተሩ አዲስ አበባ ሳለ ካንዴላ እያጠቆረ አስቸግሮኝ ነበር። የመለዋወጫ ሻጩ «ይሄኛው አያጠቁርም» ብሎ ሌላ ሰጠኝ። አሮጌው ላይ ዲ8ኢኤ፣ አዲሱ ላይ ዲ6ኢኤ ይላል። መካኒኩ ደግሞ «ቤንዚን እንዳይበላብህ» ብሎ ካርቡራተሩን አስተካከለልኝ። እውነትም ማጥቆሩ ቀረ። አዳማ ካወረድኩት ወዲህ ግን ዕቃ ጭኜ ዳገት ላይ ነዳጅ ስሰጠው ጣሳ ውስጥ ጠጠር እንደሚንቀጫቀጭ ያንኳኳል። ነዳጅ ስቀንስ ዝም ይላል። ወደ መተሐራ በወረድኩ ጊዜማ ባሰበት። ካንዴላውን በዚያው ዓይነት ሦስት ጊዜ ቀይሬያለሁ። መካኒክ ባሳየው «ቢዬላው ሄዷል፤ ሞተሩ ይከፈት» ብሎ የጠራልኝ ዋጋ ከገዛሁበት ግማሹ ነው። አንድ ጓደኛዬ ደግሞ «እንዳለ በርካሽ ስጠኝ» እያለ ይወተውተኛል። እህቴ ስትደውል «ሞተሩ እንዴት ነው?» ትለኛለች፤ «እንደ ሰዓት ነው» እላታለሁ። ልሽጠው ወይስ ላስከፍተው? ስሜን አደራ።

መልስ፦ ወንድማችን፣ ስምህ ከኛ ጋር ይቀራል። መልሳችን አጭር ነው፤ አትሽጠው፣ ለጊዜው አታስከፍተውም። «ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ» ይባላልና መጀመሪያ ድምፁን እንለየው።

ድምፅ ሁሉ አንድ አይደለም

ቀለል ያለ «ጠቅ ጠቅ» የሚል፣ ቆመህም ስትሄድም ከሞተሩ ፍጥነት ጋር እኩል የሚሄድ ድምፅ ብዙ ጊዜ ከቫልቭ ነው፤ ክፍተቱ ይስተካከላል። ከታች በኩል «ዱም ዱም» የሚል ከባድ ድምፅ ከሆነ፣ ሲለቀቅ ከዘይቱ ጋር የሚያብረቀርቅ የብረት ብናኝ ከወጣ፣ ያኔ ቢዬላ መጠርጠር ተገቢ ነው፤ ሞተሩን አጥፍቶ መቆም ብቻ ነው። ያንተ ግን ጭነትና ዳገት ላይ ነዳጅ ሲሰጠው ይመጣል፣ ሲቀነስ ይጠፋል። የጠጠር ድምፅ አለው። ይህ በአመዛኙ ቤንዚኑ በሥርዓት መቃጠሉን ትቶ ያለ ጊዜው የመፈንዳቱ ምልክት ነው። የብረት መበላት ሳይሆን የአቃጣጠል ችግር ነው ማለት ነው። ታዲያ «ቀላል ነው» ብለህ እንዳትዘናጋ፤ እንዲህ እየተነዳ ከቆየ ፒስተኑን ሊበሳው ይችላል። መካኒኩ ያለው ያኔ እውነት ይሆናል።

ለምን አዳማ ላይ ጀመረው?

አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,400 ሜትር ገደማ ናት። አየሩ ስስ ስለሆነ በካርቡራተር የሚሠራ ሞተር ላይ ቤንዚኑ ይበዛል፤ ካንዴላህ ያጠቆረውም በዚሁ ይመስለናል። መካኒኩ ቤንዚኑን አሳነሰልህ፤ ለአዲስ አበባ ልክ ነበር። አዳማ ግን ወደ 1,700 ሜትር ገደማ ናት፤ መተሐራ ደግሞ ከ1,000 በታች ናት። ወደ ታች በወረድክ ቁጥር አየሩ ይወፍራል፣ ይሞቃልም። ቤንዚኑ ግን ያው በተቀነሰው ልክ ነው የሚመጣው። ቤንዚን ያነሰው ሞተር ይግላል፣ ያንኳኳል።

በዚህ ላይ ካንዴላው ተጨመረ። በኤን ጂ ኬ አጻጻፍ ቁጥሩ ባነሰ መጠን ካንዴላው ሙቀት ይዞ ይቆያል፤ በበዛ መጠን ሙቀቱን ቶሎ ያስወጣል። 6 ከ8 የበለጠ ስለሚግል ጥላሸቱን አቃጥሎ አጠፋልህ። ቆላ ላይ፣ ጭነት ሲጨመርበት ግን ጫፉ እንደ ፍም ግሎ እሳት ሳይረጭ ቤንዚኑን ቀድሞ ሊያቀጣጥል ይችላል። ሦስት ጊዜ ቀየርኩ ትላለህ፤ ስህተቱን ነው በአዲስ የተካኸው።

እንግዲህ ምን ታደርጋለህ?

አንደኛ፣ ዘይቱን እይ። የሞተሩን ማቀዝቀዣ ክንፎች ጭቃ ደፍኗቸው ከሆነ እጠባቸው።

ሁለተኛ፣ ቤንዚኑን ጠርጥር። መንገድ ዳር በሃይላንድ የሚሸጠው ላምባ ወይም ናፍጣ የተቀላቀለበት ከሆነ ጤነኛውንም ሞተር ያስንኳኳል። ታንከሩን አራግፈህ ከማደያ ቅዳ።

ሦስተኛ፣ ሞተሩ ሲበርድ ካንዴላውን ፍታና ጫፉን ተመልከት። ፈዘዝ ያለ ቡናማ ከሆነ ሰላም ነው። ደረቅ ጥላሸት ካለበት ቤንዚን በዝቷል ወይም ካንዴላው ቀዝቃዛ ነው። በዘይት ከራሰ ፋሻው ወይም ቫልቩ ዘይት ያሳልፋል። ነጭ ሆኖ ከነፈረቀ ወይም ጥቃቅን የብረት ነጠብጣብ ካለበት ሞተሩ ከመጠን በላይ ግሏል፤ ሳይስተካከል አትንዳው።

አራተኛ፣ ካርቡራተሩን ለአዳማ አየር እንደገና አስተካክል። ጄት የሚሏት ቀዳዳ ያላት የነሐስ ቁራጭ ተቀይራ እንደሆነ ጠይቅ። በካርቡራተሩና በሞተሩ መካከል ያለው ላስቲክ ተሰንጥቆ አየር እየሳበ ከሆነም ያው ነው ውጤቱ።

አምስተኛ፣ ሞተርህ ፑንቲና ያለው የድሮ ዓይነት ከሆነ የእሳቱን ሰዓት አሳይ፤ ከቀደመ ያንኳኳል።

ካንዴላ ስትገዛ

«ለሞተር ነው» ብሎ መግዛት ቀረ። ከሞተሩ መመሪያ ላይ ቁጥሩን ጻፍና ይዘህ ሂድ። ዲ8ኢኤ ላይ «ዲ» የጥርሱን ውፍረት፣ 12 ሚሊ ሜትር፣ ይነግርሃል፤ «8» የሙቀት ደረጃው ነው፤ «ኢ» የጥርሱ ርዝመት 19 ሚሊ ሜትር ነው ማለት ነው። ርዝመቱ ከበለጠ ፒስተን ሊመታ ይችላል። ሌላ ፋብሪካ ከገዛህ ቁጥሩን በቀጥታ አታስተያይ፤ ዴንሶ እንደ ኤን ጂ ኬ ሲሆን በቦሽና በሻምፒዮን ግን ቁጥሩ ሲበዛ ካንዴላው ይበልጥ ይግላል። የጫፉን ክፍተት በመለኪያ አረጋግጥ፤ ለዲ8ኢኤ ከ0.6 እስከ 0.7 ሚሊ ሜትር ነው። ስታስገባ በጣትህ እስከ መጨረሻው አሽከርክረው፤ አዲስ ከሆነ ከዚያ በኋላ በቁልፍ ግማሽ ዙር ያህል ይበቃዋል። ውድ የሆነው ኢሪዲየም ዕድሜው ይረዝማል እንጂ ማንኳኳትን አያድንም።

ይህ ሁሉ እስኪሆን ጭነት ቀንስ፤ ዳገት ላይ ማርሽ አውርድ እንጂ በከባድ ማርሽ አታስጨንቀው። ሁሉም ተስተካክሎ ድምፁ ካልጠፋ ሌላ መካኒክ አሳይና ያኔ ስለ መክፈት እናወራለን። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ። ጓደኛህም ያንን ድምፅ እየሰማ ለመግዛት የተጣደፈው ለምን ይመስልሃል?

የቀረው የእህትህ ጉዳይ ነው። ያ ሞተር ከሰው ቤት ላቧ የመጣ ነው፤ እውነቱን መስማት ይገባታል። በሚቀጥለው ስትደውል «እንደ ሰዓት ነው» አትበላት። «አንኳኳብኝ፤ ምክንያቱን እየፈለግሁ ነው» በላት። ሞተሩ ቢሸጥ ሌላ ይገዛል፤ የእሷ እምነት ግን መለዋወጫ አይገኝለትም። ከተሳካልህ ጻፍልን።