ገብረሥላሴ ከወደ ቼክ



በጥምቀት ሰሞን ጀርመን የሚኖረው ወንድሜ የ9 ዓመት ልጁን ይዞ መጥቶ ነበር። የልጁ እናት ጀርመናዊት ናት። ከጎንደር ወደ ደባርቅ ስንሄድ ዳባት ላይ ሻይ ልንጠጣ ከመኪና እንደወረድን የሰፈሩ ልጆች ከበቡትና «ፈረንጅ! ፈረንጅ!» አሉት። ክፋት አልነበራቸውም። እሱ ግን እጄን ጥብቅ አድርጎ ይዞ፣ «አክስቴ፣ እዚያ ጥቁር ይሉኛል፣ እዚህ ፈረንጅ ይሉኛል። እኔ የየት አገር ልጅ ነኝ?» አለኝ። የማርኬቲንግ ሠራተኛ ነኝና ለደንበኛ ጥያቄ መልስ አላጣም፤ ለዚህኛው ግን አፌ ተያዘ።

ማታ ደባርቅ ገብተን እናቴ ቡና ስታፈላ የቴዎዶር ገብረሥላሴን ታሪክ ነገርኩት። ለእናንተም ላካፍላችሁ።

ቴዎዶር እ.ኤ.አ. በ1986 ትሬቢች በተባለች የቼክ ከተማ ተወለደ። አባቱ ኢትዮጵያዊ ሐኪም፣ እናቱ ቼካዊት ናቸው። በ2011 ለቼክ ብሔራዊ ቡድን የተሰለፈ የመጀመሪያው ጥቁር ተጫዋች ሆነ። በ2012 ከስሎቫን ሊበሬች ጋር የሊጉን ዋንጫ አነሳ።

በዚያው ዓመት በአውሮፓ ዋንጫ ቼክ በሩሲያ 4 ለ 1 ስትሸነፍ፣ አንዳንድ የተጋጣሚ ደጋፊዎች በቆዳ ቀለሙ እንደሰደቡት ተዘገበ። ከ4 ቀን በኋላ ከግሪክ ጋር ሲጫወቱ ቴዎዶር ከቀኝ መስመር ያሻገራትን ኳስ ፒላርዥ ከመረብ አገናኛት። ቼክ 2 ለ 1 አሸንፋ፣ በመጨረሻም ምድቡን በአንደኝነት ጨረሰች። እሱም ወደ ጀርመኑ ቬርደር ብሬመን ተዛውሮ እስከ 2021 ድረስ የደጋፊ ወዳጅ ሆኖ ቆየ።

ስሙን ልብ በሉልኝ። ቴዎዶር ማለት የእኛው ቴዎድሮስ ነው፤ አፄ ቴዎድሮስ በ1847 ዓ.ም. እዚሁ ስሜን፣ ደረስጌ ማርያም የነገሡበት ስም። ገብረሥላሴን ደግሞ ለቼክ ብሔራዊ ቡድን የእጅ ኳስ የተጫወተችው እህቱ አናም ትጠራበታለች።

«ታዲያ እሱ የየት ነው?» አለ ልጁ። እናቴ ቀደመችኝ፦ «የሁለቱም ነዋ! ሁለት አያት እያለህ አንዷን ጣል የሚልህ ማን ነው?»

በማግስቱ ጠዋት በር ላይ ኳስ የሚጫወቱ ልጆች አሁንም «ፈረንጅ!» ብለው ጠሩት። አላለቀሰም። ስሙን ከነአባቱ ነገራቸውና «በየትኛው ቡድን ልግባ?» አለ።

እናንተ ወላጆች፣ ልጃችሁ ከሁለት ወገን ከተወለደ የሁለቱንም ታሪክ ሳይጠይቃችሁ ንገሩት። እዚህ የምናሳድጋቸውን ልጆች ደግሞ እንግዳ ልጅ ሲያዩ መጀመሪያ ስሙን እንዲጠይቁ እናስተምራቸው። እኔም ይህን ያወቅኩት ዘግይቼ ነው።