ጓያ፣ ረሃብና የምግብ ሳይንቲስት

የምግብ ሳይንስን ለማጥናት የመረጠ ተማሪ ከጓደኞቹ ዘንድ ብዙ ጊዜ «ወጥ ቤት ልትገባ ነው እንዴ?» የሚል ጥያቄ ይቀርብለታል። ነገሩ ለቀልድ ቢባልም የሙያውን ክብደት ካለመገንዘብ የሚመነጭ ነው። ይህን ክብደት ለማሳየት በአገራችን ከጓያ የተሻለ ምሳሌ የሚገኝ አይመስለኝም።

ጓያ ዝናብ ቢያጥርም ሆነ ዋልካው መሬት ውኃ ቢቋጥር የሚቋቋም፣ ብዙ ድካምና ማዳበሪያ የማይጠይቅ፣ በፕሮቲንም የበለጸገ ሰብል ነው። በድርቅ ዓመት ሌላው እህል ሲጠፋ እርሱ ይተርፋል። ይሁን እንጂ በፍሬው ውስጥ ኦዳፕ የተባለ የነርቭ መርዝ አለ። ለወራት ከጓያ በቀር ይህ ነው የሚባል ምግብ ያላገኘ ሰው እግሮቹ ሊሽመደመዱ ይችላሉ። ላቲሪዝም የሚባለው ይህ ሕመም ፈዋሽ መድኃኒት የለውም፤ አብዝቶ የሚያጠቃውም ወጣት ወንዶችን ነው።

ታዲያ ባለሙያው ምን ይበል? «ጓያ ይከልከል» ማለት ቀላል ነው። ነገር ግን በክፉ ቀን በጎተራ የቀረውን ብቸኛ እህል ያለ ምትክ መከልከል ገበሬውን ለረሃብ መስጠት ነው። «ሆድ ይሙላ እንጂ» ማለትም በበኩሉ ለሽባነት አሳልፎ መስጠት ይሆናል። የምግብ ዋስትናና የምግብ ደኅንነት እንደ ሁለት የተለያዩ ጉዳዮች መታየታቸው ስሕተት ነው የምለው ስለዚህ ነው።

መፍትሔው የተፈለገው በብዙዎች ጥረት ነው። ፕሮፌሰር ረዳ ተክለሃይማኖትን የመሳሰሉ የነርቭ ሐኪሞች በሽታውን በገጠር ተዘዋውረው አጥንተዋል። እ.ኤ.አ. በ2003 በላንሴት መጽሔት የወጣ በአገራችን የተደረገ ጥናት ቅቅሉና ጥሬ እሸቱ ለሕመሙ እንደሚያጋልጡ፣ ከሌላ እህል ጋር ቀላቅሎ መመገብ ግን አደጋውን እንደሚቀንስ አሳይቷል። ዘፍዝፎ ውኃውን መድፋትም ከመርዙ ከፊሉን ያስወግዳል። አዳቃዮች በበኩላቸው መርዙ ያነሰባቸውን ዝርያዎች አውጥተዋል። ሆኖም ድርቅ የመርዙን መጠን ከፍ ያደርገዋል፤ ንቦችም የአንዱን ማሳ ጽጌ ብናኝ ወደ ሌላው ያደርሳሉ። ሥራው ገና አላለቀም ማለት ነው።

ከዚህ እንደምንረዳው፣ መርዙን በቤተ ሙከራ የለካ ኬሚስት እናቶች ጓያን እንዴት እንደሚያበስሉ ካላወቀ ውጤቱ ከወረቀት አያልፍም። እንጨትና ውኃ ከሩቅ ለሚቀዳበትና ለሚለቀምበት ቤት «ደጋግመሽ ዘፍዝፊ» ብሎ መምከርም ከንቱ ነው። ስለዚህ የዩኒቨርሲቲዎቻችን የምግብ ሳይንስ ተማሪዎች ከመመረቃቸው በፊት ቢያንስ አንድ የመኸር ወቅት በገበሬው ማሳና ማድቤት እንዲያሳልፉ ግዴታ ሊሆን ይገባል እላለሁ።

ውድ ተማሪ ሆይ፣ «ወጥ ቤት ልትገባ ነው እንዴ?» ብለው ቢጠይቁህ፣ «አዎን፣ መጀመሪያ የምገባው እዚያ ነው» ብለህ መልስ።