ስለ ራት ቤት ምርጫና ስለ ይሉኝታ

ደመወዝ በተቀበሉ ማግሥት ባለቤትንና ልጆችን ይዞ ወደ ፒያሳ መሄድና የኢጣልያን ምግብ በልቶ መመለስ ለአራዳ ሰው አዲስ ነገር አይደለም። ከአፍንጮ በርና ከጊዮርጊስ ዙሪያ ያለው ቤተ ሰብ ልጅ ክፍሉን ሲያልፍ፣ ዘመድ ከአገር ቤት ሲመጣ፣ ወይም በባልና በሚስት መካከል የነበረ ቅያሜ ሲበርድ ራት የሚገባበዘው በዚያው ነው። ይህ ጽሑፍ ያን ደግ ልማድ ለመንቀፍ የተጻፈ አይደለም፤ እኔም ራሴ ከስፓጌቲ ወዳጆች አንዱ ነኝ። ነገር ግን ምግብ ቤቱን በምን እንመርጣለን የሚለው ጥያቄ እንደ ቀላል ነገር ሲታለፍ ስለማይ፣ በዚህ ወር የሚሰማኝን በግልጽ ለመናገር ወደድሁ።

ልማዱ ከየት እንደ መጣ አንባብያን ያውቁታል። ገንዘብ ከፍሎ ከቤት ውጭ መብላትን የከተማው ሰው ማየት የጀመረው እቴጌ ጣይቱ በ1898 ዓ.ም. ባቋቋሙት ሆቴል ነው። ፒያሳ የሚለው ስም ግን ጠላት በ1928 ዓ.ም. ገብቶ በ1933 ዓ.ም. እስኪወጣ ድረስ የተወልን ቃል ነው፤ ትርጓሜውም አደባባይ ማለት ነው። ወራሪው ወጣ፤ ፓስታው፣ ላዛኛውና ማኪያቶው ቀረ። አንዳንድ ኢጣልያኖችም በየሙያቸው እዚሁ ቀርተው ኖሩ። የካስቴሊ ምግብ ቤትና የኤንሪኮ ኬክ ቤት በፒያሳ ለረጅም ዘመን ስማቸው ሲጠራ የኖረ ነው።

ቀድሞ ምርጫው ብዙ አያስጨንቅም ነበር። ሰው የሚበላው አባቱ በበላበት ቤት ነው፤ ወጥ ሠሪዋን ያውቃታል፤ አሳላፊውም እርሱን ከነልጆቹ ስም ያውቀዋል። በ2016 ዓ.ም. በኮሪደር ልማት ምክንያት ከአሮጌው ፒያሳ ብዙው ክፍል ከፈረሰ ወዲህ ግን ይህ መተዋወቅ ተበተነ። እንግዲህ በትውውቅ ፈንታ በዓይናችን መምረጥ ግድ ሆነብን፤ ዓይናችንም ከጠረጴዛው ጨርቅ፣ ከአሳላፊው ክራቫትና ከመብራቱ ድምቀት አያልፍም። እኔ ግን የምግብ ቤት ንጽሕና የሚታወቀው ከወጥ ቤቱ ነው እላለሁ። ወጥ ቤቱን እንዳናይ የሚያግደንም ሕግ ሳይሆን ይሉኝታችን ነው።

ለዚህ ምስክሩ እኔው ነኝ፤ ምስክርነቱም የሚያስመሰግነኝ አይደለም። ካቻምና አንድ ቅዳሜ ማታ የሥራ ባልደረባዬንና ባለቤቱን ጋብዤ፣ የአራት ዓመት ልጄንም ይዤ ስሙ ከተመሰገነ አንድ ምግብ ቤት ገባሁ። የቤቱን ስም መጥራት አልሻም። ላዛኛ አዘዝን። ሲቀርብ ዳር ዳሩ ይፋጃል፤ ሹካዬን ወደ መካከሉ ሳስገባው ግን ቀዝቃዛ ነው። ቀድሞ ተሠርቶ የዋለና ለይምሰል ተሞቆ የቀረበ መሆኑን ለመረዳት የባሕር ማዶ ዲፕሎማ አያስፈልግም ነበር። በውጭ አገር ለዓመታት የተማርሁት ይህንኑ ነው፤ ተመልሼም ለሰው የማስተምረው ይህንኑ ነው። ነገር ግን በእንግዶቼ ፊት «ይህን መልሱልኝ» ማለት አሳፈረኝ። በላን፤ አመሰገንን፤ ጉርሻም ሰጥተን ወጣን። ከሌሊቱ 8 ሰዓት ሲሆን ልጄን ያስመልሳት ጀመር። ሁለት ሌሊት ሙሉ ሕይወት አድን ንጥረ ነገር በሻይ ማንኪያ እያጠጣን አደርን። እግዚአብሔር ይመስገን፣ ዳነች። ባልደረባዬም ሰኞ ሥራ አልገባም ነበር፤ ምክንያቱን ግን እርሱም በበኩሉ በይሉኝታ ይዞት አንድ ወር ሙሉ ሳይነግረኝ ቆየ!

ስለ ፓስታ ጥቂት ማብራራት ይገባኛል። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ስለ ተቀመጠች፣ በባሕር ዳርቻ አገር 100 ዲግሪ ላይ የሚፈላው ውሃ እዚህ 92 ዲግሪ ገደማ ሲደርስ ይፈላል። ስለዚህ በማሸጊያው ላይ 10 ደቂቃ የተባለለት ፓስታ በእኛ ድስት ከዚያ የበለጠ ጊዜ ይፈልጋል። የቸኰለ ተመጋቢ ግን ይህን አይታገሥም። በዚህም ምክንያት አንዳንድ ወጥ ቤት ፓስታውን ጧት ቀቅሎ፣ አጥልሎ፣ ዘይት ነካ አድርጎ በሳፋ ያስቀምጠዋል፤ ማታ ሲታዘዝ በፈላ ውሃ ነከር አድርጎ ስጎ ይጨምርበታል። ሳፋው የዋለው በማቀዝቀዣ ውስጥ እንደ ሆነ ክፋት የለውም። ከምድጃ አጠገብ የዋለ እንደ ሆነ ግን፣ መፍላትን ችሎ የሚተርፍ የተሐዋስያን ዘር አለና በዚያ ለብ ባለ ፓስታ ላይ ይራባል፤ መርዝም ያፈራል። ብዙ ሰው «ቢቆይስ ምን አለበት፣ ሲሞቅ ይሞታል» ይላል። ተሐዋስያኑስ ይሞቱ ይሆናል፤ መርዛቸው ግን በማሞቅ አይጠፋም፤ ጨው ከወጥ እንደማይወጣ ሁሉ በምግቡ ውስጥ ይቀራል። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2008 በቤልጅግ አገር በብራስልስ ከተማ አንድ የ20 ዓመት ተማሪ፣ ከአምስት ቀን በፊት ተሠርቶ ከማቀዝቀዣ ውጭ የቆየ ስፓጌቲ በስጎ አሙቆ በላ፤ በዚያውም ሌሊት ሞተ። ሐኪሞች ነገሩን መርምረው በ2011 በሕክምና መጽሔት አውጥተውታል። እንዲህ ያለ ሞት እጅግ ብርቅ ነው፤ ማስመለሱና የሆድ ቁርጠቱ ግን ብርቅ አይደለም።

የዓለም ጤና ድርጅት የበሰለ ምግብ ከማቀዝቀዣ ውጭ ከ2 ሰዓት በላይ እንዳይቆይ፣ ሲቀመጥም ከ5 ዲግሪ በታች ወይም ከ60 ዲግሪ በላይ እንዲሆን፣ ዳግመኛ ሲሞቅ ደግሞ ሙቀቱ እስከ ውስጡ 70 ዲግሪ እንዲያልፍ ይመክራል። ራት በላተኛ የሙቀት መለኪያ በኪሱ ይዞ አይሄድም። ይሁን እንጂ ሹካውን በመካከሉ ማስገባትና አሳላፊውን «ፓስታው የሚቀቀለው አሁን ነው?» ብሎ መጠየቅ ይችላል። «አዎን ጌታዬ፣ ሃያ ደቂቃ ይጠብቃሉ» የሚል ቤት ከተገኘ ወንበር ስቦ መቀመጥ ነው። «ወዲያው ይደርሳል» የሚለኝን ቤት ግን በበኩሌ እፈራዋለሁ።

ከፓስታው ይልቅ የሚያሠጋው አጠገቡ የሚቀርበው ሰላጣ ነው። ፓስታውን ቢያንስ እሳት ነክቶታል፤ ሰላጣውን የነካው ግን የአጣቢው እጅና ውሃ ብቻ ነው። ለከተማችን ገበያ ከሚቀርበው ቅጠላ ቅጠል ከፊሉ በአቃቂ ወንዞች ዳር በቈሻሻ ውሃ እየተጠጣ የሚበቅል መሆኑ በጥናት የታወቀ ነው። በ2008 ዓ.ም. ክረምት አጣዳፊ ተቅማጥና ትውከት በአዲስ አበባ በገባ ጊዜ ጥሬ አትክልት እንዳይበላ ያ ሁሉ ማስጠንቀቂያ የተነገረው ያለ ነገር አልነበረም። የትኩሱንና የጥሬውን ልዩነት ለማስረዳት በውጭ አገር የሕክምና ተማሪዎች ሁሉ የሚማሩት አንድ ታሪክ አለ። በኒው ዮርክ ከተማ ሜሪ ማለን የምትባል ወጥ ሠሪ ነበረች። እርሷ ራሷ ሳትታመም የታይፎይድ ተሐዋስያንን በሆድዋ ይዛ ስትኖር፣ ከተቀጠረችባቸው ቤቶች በብዙዎቹ ሰው ይታመም ነበር። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1907 ነገሩን የደረሰበት ጆርጅ ሶፐር የተባለው መርማሪ፣ ትኩሱ ምግቧ ይህን ያህል ሊጎዳ አይችልም፣ ጉዳቱ የመጣው ጥሬ ኮክ እየቈረጠች ከምትሠራው አይስ ክሬም ሳይሆን አይቀርም አለ። ወጥ ሠሪዋ ስትታይ ፍጹም ጤነኛ እንደ ነበረች ልብ ይሏል።

የምግቡን ዝርዝር በተመለከተ ደግሞ፣ አጭሩን የያዘ ቤት እመርጣለሁ። አምስት ዓይነት ምግብ የሚሠራ ትንሽ ቤት የገዛውን በዕለቱ ይጨርሳል። ስድሳ ዓይነት የሚጽፍ ቤት ግን ማቀዝቀዣው የስንት ቀን ዕቃ እንደ ያዘ ባለቤቱም የሚያስታውሰው አይመስለኝም። በኢጣልያም ቢሆን ትናንሾቹ የሰፈር ምግብ ቤቶች የሚወደዱት በዚሁ ነው፤ የዕለቱን ምግብ በጥቁር ሰሌዳ ላይ በጠመኔ ይጽፋሉ፤ ካለቀ አልቋል ይላሉ። የእኛ ተመጋቢ «አልቋል» ሲባል ቅር ይለዋል እንጂ ሊደሰት የሚገባው በዚያ ነው።

ሌላም ነገር አለ። አባቶቻችን እንጀራ ሲበሉ ማስታጠቢያው ሳይዞር ማንም ሰው እጁን ወደ ገበታ አይሰድም ነበር። ሹካ ከያዝን ወዲህ ማስታጠቢያውን ረሳነው። ነገር ግን ዳቦውን የምንቈርሰው በሹካ ነውን? የዳቦው መሶብ ራሱ ከአንዱ ጠረጴዛ የተረፈውን ይዞ ወደ ሌላው ሲሻገር ስንት ጊዜ አይተናል! ስለዚህ ከመቀመጥ በፊት ወደ መታጠቢያው መሄድ ሁለት ጥቅም አለው፤ እጅም ይታጠባል፣ ቤቱም ይመረመራል። በቧንቧው ውሃ ከሌለ፣ ሳሙናውም ከጠፋ፣ መጸዳጃ ቤቱም አፍንጫ የሚያስይዝ ከሆነ፣ አብሳዩ ከዚያው ወጥቶ እጁን በምን እንደ ታጠበ መገመት አያዳግትም። እንግዳ የሚያየውን ክፍል ያላጸዳ ባለቤት እንግዳ የማያየውን ያጸዳል ብዬ አላምንም።

«ይህ ሁሉ የተቆጣጣሪው ሥራ አይደለምን? እኛ ራት ልንበላ እንጂ ልንመረምር መጣን?» የሚሉኝ አሉ። ነቀፋውን በከፊል እቀበላለሁ። ቁጥጥራችን የሚጐድለው ብዙ ነው፤ የሠራተኛ የጤና ምርመራ ካርድ በግድግዳ ላይ ተሰቅሎ የካርዱ ባለቤት ግን ሥራውን ከለቀቀ ቆይቶ ያገኘሁበት ጊዜ አለ። ቢሆንም ተቆጣጣሪ የሚመጣው በዓመት ጥቂት ቀን፣ ያውም በቀትር ነው፤ ተመጋቢ ግን ዘወትር ማታ ማታ አለ። የዓለም ጤና ድርጅት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2015 ባወጣው ግምት፣ በዓለም ላይ በየዓመቱ 600 ሚሊዮን ሰው በተበከለ ምግብ ይታመማል፤ 420,000 ሰውም ይሞታል፤ ከሚሞቱት ከአሥሩ ሦስቱ ዕድሜያቸው አምስት ዓመት ያልሞላ ሕፃናት ናቸው። ላዛኛውን ያልመለስሁት ለክብሬ ስል ነበር፤ ዋጋውን የከፈለችው ግን ልጄ ናት። ክቡራን መምህራን በተለይ ይህን እንዲያስቡልኝ እለምናለሁ፤ በሰፈሩ የተከበረ ሰው በጨዋ ቃል ሲጠይቅ የምግብ ቤቱ ባለቤት እንደ ስድብ አይቈጥርበትምና።

እኔም ያን ሌሊት ካየሁ በኋላ ይሉኝታዬን ለመጣል ጥቂት ጊዜ ፈጅቶብኛል። ባለፈው ወር ከአፍንጮ በር ብዙ ሳልርቅ ስድስት ጠረጴዛ ብቻ ካለው ቤት ከልጄ ጋራ ገባሁ። የጠረጴዛው ልብስ ፕላስቲክ ነው፤ መብራቱም ደብዘዝ ያለ ነው። የምታበስለው በዕድሜ የገፉ እመቤት ናቸው።

«እናቴ፣ ባያስቀይምዎ ወጥ ቤቱን ማየት ይቻላል?» አልሁ።

ከእግር እስከ ራሴ ተመለከቱኝና «ከጤና ቢሮ ነህ?» አሉኝ።

«መሆንስ ነኝ፤ ዛሬ ግን ራት በላተኛ ነኝ» አልኋቸው።

ሣቁ። «ግባ ልጄ፤ እጅህን ግን አስቀድመህ ታጠብ» ብለው ወደ ማስታጠቢያው አመለከቱኝ። ሥጋ የሚከተፍበት ጣውላ ለብቻው፣ ሽንኩርትና ቲማቲም የሚከተፍበት ለብቻው ነው። ፓስታው ገና በማሸጊያው አለ። ሰላጣ ስጠይቃቸው፣ ውሃ ከትናንት ጀምሮ ስላልመጣ በታንከር ውሃ ያጠቡትን ቅጠል ለሰው ልጅ እንደማያቀርቡ ነገሩኝ። ሃያ አምስት ደቂቃ ጠበቅን። ልጄ እንደ ለመደባት ሹካዋን ከሳህኑ መካከል አስገብታ ቀመሰችና «አባዬ፣ ይፋጃል» አለችኝ።