ለጄፒ ልጆች የሌሊት ተረት፣ በቀን

ጆሃንስበርግ ሱቅ ያለው ሐበሻ ሁሉ ያውቀዋል፤ ዲሴምበር የገበያ ወር ነው። ጅምላ ገዢው ጄፒን የሚያጥለቀልቀው የዚያን ሰሞን ነው። የደቡብ አፍሪካ ትምህርት ቤቶች ረጅሙን ዕረፍት የሚሰጡትም ልክ ያኔ ነው። ወላጅ ከዓመቱ ሁሉ ይበልጥ በሚሯሯጥበት ጊዜ ልጁ ከዓመቱ ሁሉ ይበልጥ ሥራ ፈት ይሆናል ማለት ነው። ስለዚህ ልጆቻችን ወይ ሱቅ ውስጥ ካርቶን ላይ ተቀምጠው፣ ወይ ትሮይቪልና ቤዝ ቫሊ ባለ አፓርታማ ውስጥ በር ተቆልፎባቸው፣ ስልክ ላይ አፍጥጠው ይውላሉ።

እኔም ትሮይቪል ነው የምኖረው። ሥራዬ ሶፍትዌር ነው፤ ማስተርሴንም ከአገር ውጭ ስለሠራሁ ይሁን አላውቅም፣ ይህን ጉዳይ ባነሳሁ ቁጥር ሰው ወዲያው “ታዲያ አንድ አፕ ሥራላቸዋ!” ይለኛል። አልሠራም። ልጆቹ ስክሪን መች አነሳቸው? ያነሳቸው የሚሰበሰቡበት ክፍልና ድምፁን ከፍ አድርጎ የሚያነብላቸው ሰው ነው። ያ ደግሞ ቤተ መጻሕፍት ይባላል።

የአሜሪካ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ለረጅሙ ዕረፍት የንባብ ፕሮግራም ማዘጋጀት ከጀመሩ ቆይተዋል፤ ብዙዎቹ በየዓመቱ አንድ የጋራ ርዕስ ይመርጣሉ። እ.ኤ.አ. በ2012 የተመረጠው ሌሊት ነበር፤ ለሕፃናቱ ሕልምና እንቅልፍ፣ ለታዳጊዎቹ ደግሞ ሌሊቱ የእናንተ ነው የሚል። ጨዋታ ይመስላል እንጂ ከጀርባው ጥናት አለ። ባርባራ ሄይንስ የተባለች የሶሺዮሎጂ ተመራማሪ በአትላንታ ልጆች ላይ ባደረገችውና በ1978 ባሳተመችው ጥናት፣ በዕረፍት ወራት መጽሐፍ የሚያነቡ ልጆች ዕውቀታቸው ሲጨምር፣ ቤተ መጻሕፍት መሄድም ከዚሁ ጋር የተያያዘ ሆኖ አግኝታዋለች። ይህ በእኛ ከተማ ቅንጦት አይደለም። በ2021 ፒርልስ በተባለው ዓለም አቀፍ ፈተና ከደቡብ አፍሪካ የ4ኛ ክፍል ተማሪዎች 81 በመቶዎቹ ያነበቡትን መረዳት አልቻሉም። ልጆቻችን የሚማሩት እዚያው ክፍል ውስጥ ነው።

እኔን የሳበኝ ግን ሌሊት የሚለው ርዕስ ራሱ ነው፤ ለእኛ ባዕድ አይደለምና። የቤተ ክህነት ተማሪ ንባቡን በቀን፣ የቃል ትምህርቱን በሌሊት ይማራል፤ ቃል ብርሃን አይፈልግም፣ ጆሮ ብቻ ነው የሚፈልገው። ተረትም እንዲሁ ከእራት በኋላ እሳት ዳር የሚወራ ነገር ነው። ዙሉዎቹም ዘንድ በቀን ተረት የሚያወራ ሰው ቀንድ ያበቅላል ይባላል። የዙሉ ልጅና የሐበሻ ልጅ አጠገብ ለአጠገብ ተቀምጠው ይህን ሲሰሙ አስቡት። ለነገሩ ሎድ ሼዲንግ ያሳደገው ልጅ ጨለማን ከእኛ በላይ ያውቀዋል።

ሰፈራችንም ቢሆን ለዚህ የተመቸ ነው። ሌስሊ ፐርክስ የተባለች የሕዝብ ሥነ ጥበብ አዘጋጅና ሠዓሊው ዮሃንስ ድሬየር ከአሥር ዓመት በላይ በፊት ችላ የተባለ ባዶ ቦታ ላይ የኮንክሪት አልጋ አሠርተው ስሙን የትሮይቪል የመኝታ ሰዓት ተረት ብለውት ነበር። መንገድ ላይ አልጋ! ከዚህ የተሻለ የፕሮግራም ማስታወቂያ ከየት ይመጣል?

አሁን ወደ ችግሩ። የመጀመሪያው ጥያቄ “ማታ ልጄን አላስወጣም” የሚለው ነው። ትክክል ነው፣ እኔም አላስወጣም። በዲሴምበር እዚህ ፀሐይ የምትጠልቀው ወደ ምሽቱ 1 ሰዓት ገደማ ነው። እስኪጨልም ከጠበቅን ልጆቹ ቤት የሚገቡት 3 ሰዓት ሊሆን ነው፤ በጆሃንስበርግ ይህ አይታሰብም። ግን ሌሊትን ለማንበብ ሌሊት መሆን የለበትም። ከቀኑ 8 ሰዓት እስከ 10 ሰዓት፣ መስኮቱን በጥቁር ጨርቅ ሸፍኖ፣ ለእያንዳንዱ ልጅ ትንሽ ባትሪ ሰጥቶ ማንበብ ይቻላል። ውጭ የተለመደው የከሰዓት ነጎድጓድ ከመጣ ደግሞ ጭራሽ ያደምቀዋል።

ሁለተኛው ከቤተ ክርስቲያን ሰዎች የሚመጣ ነው። ሌሊት ሲባል ሃሎዊን፣ መንፈስ፣ ጥንቆላ ይመስላቸዋል። ይህን በንቀት ማለፍ አይገባም፤ ከልብ የመጣ ስጋት ነው። ደግሞስ መንፈስ ምን ያደርግልናል? ጅብ አለን። ሐረር ላይ ሰው በእጁ የሚያበላው ጅብ ለአንድ የስምንት ዓመት ልጅ ከየትኛውም ጭራቅ ይበልጣል። ኮከብም አለ፤ ኦሪዮን የሚባለው የከዋክብት ስብስብ ከጆሃንስበርግ ሲታይ ከአዲስ አበባ ከሚታየው ተገልብጦ ነው የሚታየው። ልጁ ለምን ብሎ ሲጠይቅ ወደ መደርደሪያው መላክ ነው።

መጽሐፉስ? ዮሐንስ ገብረጊዮርጊስ ሳን ፍራንሲስኮ የልጆች ላይብረሪያን ሳለ የአማርኛ የልጆች መጽሐፍ አጥቶ ነው “ቂሉ ማሞ”ን በሁለት ቋንቋ ያሳተመው፤ በኋላም በ2003 አዲስ አበባ ሾላ የልጆች ቤተ መጻሕፍት ከፈተ፣ ሐዋሳ ላይ በአህያ የሚጎተት ቤተ መጻሕፍት አንቀሳቀሰ። እኛ ከእሱ የቀለለ ዕድል አለን። እዚሁ ጆሃንስበርግ ያለው ሳይዴ የተባለ ድርጅት የጀመረው አፍሪካን ስቶሪቡክ በብዙ የአፍሪካ ቋንቋዎች የተዘጋጁ ሥዕላዊ ታሪኮችን በነፃ አትሞ ማሰራጨት ይፈቅዳል፤ አማርኛም አለው። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልበል፤ አማርኛ ብቻ ካልን ብዙ ልጅ እናጣለን። የጄፒ ነጋዴ ብዙው ከሆሳዕናና ከዱራሜ አካባቢ የመጣ ነው። ሐዲይኛ የምትናገር እናት በሐዲይኛ ታውራ፣ ልጇ በእንግሊዝኛ ይመልስላት፣ የጎረቤት ልጅ በዙሉ ይጨምርበት። መጽሐፍ ባይኖራት አፍ አላት።

ታዳጊዎቹን በባትሪና በኮከብ አንይዛቸውም። አሥራ አምስት ዓመት የሞላው ልጅ የሕፃን ነገር ነው ብሎ ይሄዳል፣ እውነቱንም ነው። ለእነሱ የማስበው ሌላ ነው። ከወላጆቻቸው ብዙዎቹ እዚህ የደረሱት በኬንያ፣ በታንዛኒያ፣ በማላዊና በሞዛምቢክ አድርገው፣ ድንበሩን በሌሊት እየተሻገሩ ነው። ልጆቻቸው ይህን የሚያውቁት በጎዶሎው ነው፤ በስልክ ወሬ መሃል፣ በለቅሶ ቤት። ታዳጊው ደብተር ይዞ አባቱን ስለ አንድ ሌሊት ብቻ ይጠይቅ። ምን ይታይ ነበር? ምን ይሰማ ነበር? ማን አብሮህ ነበር? ከዚያ ይጻፈው፣ ጮክ ብሎም ያንብበው። አባትየው ካልፈለገ ይለፈው፤ ማስገደድ የለም፣ ስም መጥራትም የለም። እንዲህ ያለ ጽሑፍ በየትኛውም መደርደሪያ ላይ የለም። ወላጆቹ ሲያረጁ ደግሞ የሚጠየቅ ሰው አይኖርም።

የከተማው ዋና ቤተ መጻሕፍት ከኮቪድ ወዲህ ለዓመታት ተዘግቶ እንደቆየ እናስታውሳለን፤ ስለዚህ ሁሉን ከማዘጋጃ ቤት መጠበቅ አያዋጣም። ኬንሲንግተን ሮድስ ፓርክ ያለው ለእኛ ቅርብ ነው። መጠየቅ ያለበት ክፍሉ፣ ሰዓቱና አንድ ግልጽ ማስታወቂያ ነው፤ ለመመዝገብ ምን ወረቀት እንደሚያስፈልግ፣ የጥገኝነት ወረቀት ያለው ሰው ልጁን ማስመዝገብ ይችል እንደሆነ በር ላይ ይለጠፍ። ወላጅ የሚሸሸው በሩ ላይ መጠየቅን ፈርቶ ነውና። ጥያቄው ደግሞ ከሴፕቴምበር ሳያልፍ መቅረብ አለበት፤ ኖቬምበር ከገባ በኋላ ከጄፒ ማንም ስልክ አያነሳም።

እኔ ቅዳሜ ከሰዓት አለሁ፣ ማንበብም እችላለሁ። ጥቁሩን ጨርቅ በጅምላ ዋጋ የሚያመጣልን ሰው ግን እንፈልጋለን።