የቤታችሁን ዋይፋይ ማን ይጠብቀዋል?



ደሴ ውስጥ ቧንቧ ውሃ የሚባል ሰፈር አለ። ስሙ ለዛሬው ርዕሳችን ይመቻል። ከቧንቧ የቀዳነውን ውሃ ለሕፃን ከመስጠታችን በፊት አፍልተን እናቀዘቅዛለን። በስልክ መስመር ቤታችን የሚገባውን ኢንተርኔት ግን ብዙዎቻችን ሳናጣራ ለልጆቻችን እንሰጣለን።

ልጃችሁ የአንድን ድረ ገጽ ስም ሲጽፍ፣ ስልኩ በመጀመሪያ የዚያን ገጽ ቁጥር ይጠይቃል። መልስ የሚሰጠው አገልጋይ ዲ ኤን ኤስ ይባላል። ራውተራችሁን ካልነካችሁት ጥያቄው የሚሄደው አብዛኛውን ጊዜ መስመሩን ወደሰጣችሁ ድርጅት ነው። ሆኖም ሌላ መምረጥ ትችላላችሁ። የልቅ ወሲብ ገጾችን ቁጥር የማይሰጡ ነጻ አገልጋዮች አሉ። ክላውድፍሌር በ2020 እ.ኤ.አ. ለቤተሰብ ያወጣው 1.1.1.3 እና 1.0.0.3 ነው። የኦፕን ዲ ኤን ኤስ ደግሞ 208.67.222.123 እና 208.67.220.123 ነው። ታዋቂው 1.1.1.1 ግን ምንም አያጣራም፤ አትሳሳቱ።

አሠራሩ ከባድ አይደለም። የራውተሩ አድራሻና የይለፍ ቃል ብዙውን ጊዜ ከሥሩ ተለጥፎ ይገኛል፤ አድራሻው በአብዛኛው 192.168.1.1 ነው። በስልካችሁ ገብታችሁ ዲ ኤች ሲ ፒ የሚለውን ክፍል ፈልጉ፤ የነበረውን ቁጥር በወረቀት ያዙና ሁለቱንም አዲስ ቁጥሮች ሙሉ። ሁለተኛውን እንዳለ ብትተዉት ማጣሪያው ይሾልካል። ከዚያም የራውተሩን የይለፍ ቃል ቀይሩ፤ ራውተሩንም አጥፍታችሁ አብሩ።

አሁን ግን ልባችሁን አታሳርፉ። ይህ ማጣሪያ የሚያየው የገጹን ስም ብቻ ነው። ቴሌግራም ከተፈቀደ በቴሌግራም ውስጥ የሚላከው ሁሉ ያልፋል። ስልኩ ከዋይፋይ ወጥቶ በዳታ ሲሠራ ራውተሩ አያውቀውም። በየካቲት 2015 ዓ.ም. ማኅበራዊ ሚዲያ ለወራት በተገደበ ጊዜ ብዙ ሰው ቪ ፒ ኤን መጠቀም ለምዷል፤ ያም ማጣሪያውን ዘልሎ ያልፋል።

ታዲያ ጥቅሙ ምንድን ነው? ዘዳግም 22፥8 አዲስ ቤት የሚሠራ ሰው ለጣሪያው መከታ እንዲያበጅ ያዝዛል፤ ሰው እንዳይወድቅ። መከታ ሳያስብ ጠርዝ ላይ የደረሰውን ሕፃን ያድናል። ሆን ብሎ የሚዘለውን ግን አያስቆምም። ለእርሱ ኢዮብ ከዓይኖቹ ጋር የገባው ዓይነት ቃል ኪዳን ያስፈልገዋል (ኢዮብ 31፥1)።

ስለዚህ ወንድሜ፣ ይህን ለብቻህ በድብቅ አታድርገው። እህቴ፣ አንቺም ባልሽን ለመያዝ ወጥመድ አታድርጊው። አብራችሁ ተቀመጡ፤ የይለፍ ቃሉን ሁለታችሁም እወቁት። ከሁለት አንዳችሁ በዚህ ነገር ተይዛችሁ ከሆነ፣ ስለ ራውተሩ የምታወሩበት ምሽት እውነቱን ለመናገር ጥሩ በር ነው። የሰማው ወገን አይጩህ፤ አብሮ ይጸልይ፤ ካስፈለገም የምታምኑትን አገልጋይ አማክሩ። ለልጆቻችሁም ለምን እንዳደረጋችሁት በግልጽ ንገሯቸው። ምክንያቱን የተረዳ ልጅ ከቤት ውጭም ራሱን ይጠብቃል።

ለመወያያ፦ በቤታችን ማታ ስልኮች የት ያድራሉ? አንዳችን የሌላችንን ስልክ ያለ ፍርሃት መክፈት እንችላለን?

ጌታ ቤታችሁን ይጠብቅ!