የተጓዦቹ ታሪክ የሰው ልጅ መነሻ አይደለም

ጥንታዊ ዲኤንኤ፣ ማለትም በሺዎች ከሚቆጠሩ ዓመታት በፊት ከሞቱ ሰዎች አጥንትና ጥርስ የሚገኘው የዘር መረጃ፣ የዘመናዊውን ሰው አመጣጥ ገልጦ አሳይቷል የሚለው አስተሳሰብ በሳይንስ መጽሔቶችም ሆነ በመገናኛ ብዙኃን ሥር እየሰደደ መጥቷል። ይህ አባባል ግን ማስረጃው ከሚፈቅደው በላይ ርቆ የሄደ ነው፤ የጥንታዊ ዲኤንኤ ንባብ ጥበብ እስካሁን በሚገባ የተረከው ከአፍሪካ ወጥተው በእስያና በአውሮፓ የተበተኑትን ሰዎች ታሪክ እንጂ የሰውን ልጅ መነሻ አይደለምና።

የጥበቡ ውጤት ታላቅ መሆኑ አይካድም። የዘረመል ተመራማሪው የስቫንቴ ፔቦ ቡድን እ.ኤ.አ. በ2010 የኒያንደርታልን ጂኖም፣ ማለትም ሙሉ የዘር ቅንብሩን፣ በረቂቅ ደረጃ ሲያሳትም፣ ከአፍሪካ ውጭ ያሉ ሕዝቦች ከዚህ የጠፋ የሰው ዘር ጥቂት በመቶ የሚሆን ውርስ እንዳላቸው ታወቀ። በሮማኒያ ኦዋሴ ዋሻ የተገኘው የ40,000 ዓመት ገደማ አጥንት ደግሞ ባለቤቱ ከአራት እስከ ስድስት ትውልድ ወደ ኋላ የኒያንደርታል ቅድመ አያት እንደነበረው አሳይቷል። ይሁን እንጂ ይህ ሁሉ የረጅሙ ታሪክ የመጨረሻ ምዕራፍ ብቻ ነው።

ከዘመናዊው ሰው ቀደምት ቅሪተ አካላት መካከል የሞሮኮው ጀበል ኢርሁድ 300,000፣ የኦሞ ኪቢሽ ቢያንስ 230,000፣ የአፋሩ ሄርቶ ደግሞ 160,000 ዓመት ገደማ ያስቆጠሩ ሲሆኑ፣ ሙቀት የዲኤንኤን ሞለኪውል ፈጥኖ ስለሚሰባብር ከአንዳቸውም የሚነበብ ዲኤንኤ አልተገኘም። በአፍሪካ ምድር የተነበበው የሰው ጥንታዊ ዲኤንኤ ዕድሜው ከ20,000 ዓመት ስለማይበልጥ፣ ዘመናዊው ሰው የተፈጠረበት ዘመን በሙሉ ከጥበቡ እይታ ውጭ ነው።

ክፍተቱን ዛሬ በሕይወት ያሉ አፍሪካውያን ዘረመል ይሞላዋል የሚል መከራከሪያ ይቀርባል። ነገር ግን በጋሞ ደጋ ከሚገኘው ሞታ ዋሻ የወጣው የ4,500 ዓመት አጥንት፣ እ.ኤ.አ. በ2015 ጂኖሙ ሲታተም፣ ለዛሬዎቹ አሪዎች የሚቀርብ ሆኖ ሳለ በብዙ የምሥራቅ አፍሪካ ሕዝቦች ዘንድ የሚታየው ከምዕራብ እስያ የመጣ ውርስ እንደሌለው ታይቷል፤ ይህም የዛሬው ዘረመል በኋለኛ ፍልሰት የተለወጠ መዝገብ መሆኑን ያስረዳል። ከዚህም በላይ ያው ጥናት ይህ ውርስ በመላው አፍሪካ ተሠራጭቷል ብሎ የነበረ ሲሆን፣ ድምዳሜው ከኮምፒውተር ፕሮግራሞች አለመጣጣም የመነጨ ስሕተት ሆኖ በመገኘቱ እ.ኤ.አ. በ2016 ታርሟል። በአንድ አጥንት ላይ ስለ አንድ አህጉር የተሰጠ ፍርድ እንዲህ በወራት ውስጥ ከፈረሰ፣ ከአውሮፓና ከሳይቤሪያ ዋሻዎች ተነሥቶ ስለ ሰው ልጅ ሁሉ የሚሰጠው ፍርድ ይበልጥ ሊመረመር ይገባዋል።

ስለዚህ ተመራማሪዎችም ሆኑ የመማሪያ መጻሕፍት አዘጋጆች፣ የትኛው ዲኤንኤ ስለ የትኛው ዘመንና ሕዝብ እንደሚናገር ለይተው ሊጽፉ ይገባል፤ የአፍሪካ አጥንቶች ዝም ማለታቸው የሚናገሩት ታሪክ ስለሌላቸው አይደለምና።